“እንደተባለው ነው” ከሚል ቡድን ሐሳብ እንዴት ይወጣል?

ጥያቄው፦ “ጅማ ውስጥ ቡናና ማር አሽገን የምንሸጥ አነስተኛ ድርጅት ነን። ዘጠኝ ነን፤ ስድስታችን ጅማ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ሽያጭ ላይ፣ አንዷ አጋሮ ሆና ከገበሬው ትረከባለች። በወር አንዴ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ እንሰበሰባለን። ‘እስቲ ሐሳብ ስጡ’ ስል ሁለት ሰዎች ይናገራሉ፤ የቀረው ‘እንደተባለው ነው’ ብሎ ያልፋል። በዙም ስናደርገው ደግሞ ይብሳል፤ ካሜራ ጠፍቶ፣ ማይክ ተዘግቶ፣ ብቻዬን ሳወራ ሰዓቱ ያልቃል። ሰዎቼ ሐሳብ የላቸውም? ወይስ ብሬንስቶርሚንግ የሚባለው ነገር ለእኛ አይሆንም?”

መልስ፦

እህቴ፣ ሰዎችዎ ሐሳብ አላቸው። ስብሰባው እንዳለቀ በር ላይ ቆመው የሚያወሩትን ጆሮ ቢሰጡት ያውቁታል። “እኔ ብሆን እኮ…” የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚጀመረው ሁልጊዜ ከአዳራሹ ውጭ ነው። እንጀራዬን የምበላው ጅማና ዙሪያዋ ያሉ ማኅበራትንና ትንንሽ ድርጅቶችን በማወያየት ስለሆነ፣ የእርስዎን የመሰለ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ችግሩ ያለው በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በስብሰባው አሠራር ላይ ነው። በአጭሩ ልመልስልዎት፦ መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ፣ ከዚያ ይወራ። ኦንላይን ሲሆንማ ይህ ይቀላል እንጂ አይከብድም። ረጅሙን መልስ የሚፈልጉ ከሆነ ይቀጥሉ።

ብሬንስቶርሚንግ የሚባለውን፣ በቡድን ተቀምጦ ሐሳብ የማፍለቅ አሠራር ያስፋፋው አሌክስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው። ቢቢዲኦ የሚባለው የማስታወቂያ ድርጅት መጠሪያ ላይ ያለችው “ኦ” የእሱ ናት። ከሠራተኞቹ ጋር እንዲህ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ በ1953 ባወጣው መጽሐፍ ዘዴው ከአገር አገር ተዛመተ። ሕጎቹ አራት ናቸው፦ አትንቀፉ፣ ያበደ የሚመስለውም ሐሳብ ይምጣ፣ ብዛት ይኑር፣ አንዱ ባነሳው ላይ ሌላው ይቀጥል። ኦስቦርን እንዳለው ከሆነ ሰው በቡድን ሲያስብ ለብቻው ከሚያመጣው እጥፍ ያመጣል።

ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኛም “ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” እንላለን። ሆኖም መጽሐፉ በወጣ በአምስተኛው ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ለኩት። ተማሪዎችን አራት አራት አድርገው በቡድን አስቀመጡ፤ ሌሎቹን ደግሞ ለየብቻቸው ካሠሩ በኋላ የአራቱን መልስ ደምረው፣ የተደጋገመውን አውጥተው እንደ አንድ ቡድን ቆጠሩት። ከጥያቄዎቹ አንዱ “ወደፊት የሚወለድ ሰው ሁሉ በየእጁ አንድ ትርፍ አውራ ጣት ቢኖረው ምን ይጠቅማል፣ ምን ያስቸግራል?” የሚል ነበር። ለየብቻ የሠሩት አራት ሰዎች አብረው ከተቀመጡት አራት ሰዎች እጥፍ ገደማ አመጡ። ከዚያ ወዲህም ይኸው ውጤት ደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ የእርስዎ ስብሰባ ቢዳከም የሐበሻ ጠባይ ነው ብለው አይዘኑ፤ አሜሪካም እንዲሁ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ተራ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሚካኤል ዲል እና ቮልፍጋንግ ሽትሮበ የተባሉ፣ ጀርመን አገር ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ብልህ ሙከራ አደረጉ። ሰዎቹን ለየብቻ ክፍል አስገብተው ሐሳባቸውን በማይክ እንዲናገሩ አዘዙ። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ፊት እንደ ትራፊክ መብራት ያለ ምልክት ይበራል፤ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ማለት አለባቸው። የሚያፍሩበት ሰው አጠገባቸው የለም፣ የሚገላምጣቸው አለቃም የለም። እንዲያም ሆኖ ተራ መጠበቁ ብቻውን የሐሳቡን ቁጥር ክፉኛ ጣለው። ሰው ተራው እስኪደርስ ያሰበውን ይረሳል፣ ወይም በአእምሮው ይዞት ሲቆይ ሌላ አያስብም፣ አለዚያም “አሁን ምን ዋጋ አለው” ብሎ ይተወዋል። እኛ አገር ደግሞ ተናጋሪው “በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ” ብሎ ጀምሮ ሰባት ደቂቃ ይይዛል። ያ ማለት ስምንት ሰዎች ለሰባት ደቂቃ ከማሰብ ታግደዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም” የሚለውን ምክር ከልጅነታችን የሰማነው ነው። ታላቅ ባለበት መቅደም ነውር፣ አለቃ ካለው የተለየ ማለት ደግሞ ድፍረት ይመስላል። አንድ ጊዜ ያወያየሁት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ኃላፊው “እኔ ብዙ አልናገርም፣ እናንተ ናችሁ የምትናገሩት” ካሉ በኋላ “ብቻ እኔ በበኩሌ የማስበው…” ብለው አንድ ሐሳብ ጣል አደረጉ። ከዚያ በኋላ የተነሱት አሥራ አራት አስተያየቶች በሙሉ የዚያ ሐሳብ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። እኔም ቀድሜ ስላላስጠነቀቅኋቸው ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰውየው በቅን ልቦና ነው ያደረጉት።

ሦስተኛውን የውጭ ጥናት ላይ አላነበብኩትም፤ ጅማ ላይ ግን በየሳምንቱ አየዋለሁ፦ ቋንቋ። ከሠራተኞችዎ ከፊሉ የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ስብሰባው በአማርኛ የሚካሄድ ከሆነ (ወይም የተገላቢጦሹ)፣ ያ ሰው ሐሳቡን ተርጉሞ፣ ሰዋስዉን አስተካክሎ፣ እንዳይሳቅበት አጣርቶ እስኪጨርስ አጀንዳው አልፏል። “እንደተባለው ነው” የሚለው በዚህ ጊዜ እንደ መውጫ በር ያገለግላል።

አራተኛው ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጽፈው ነው። እኛ ዘንድ ሐሳብ ያነሳ ሰው ሥራው ይጫንበታል። “ጥሩ ብለሻል፣ በይ እስከ አርብ ሠርተሽ አምጪ።” ሁለት ጊዜ እንዲህ የተደረገባት ሠራተኛ ሦስተኛ ጊዜ አፏን የምትከፍት ይመስልዎታል?

ስለ መለገምም አንድ ነገር ልበል። ማክሲሚሊያን ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ውጤቱ የታተመው በ1913 ነው። ታዲያ ደቦ ለምን ይሠራል? በደቦ አጨዳ ሰው ተሰልፎ ነው የሚያጭደው፤ የለገመው ሰው ፊት ያልታጨደው እህል ቆሞ ይመሰክርበታል። በስብሰባ ግን የማን ድርሻ እንደቀረ አይታይም። ሁሉም እንዲጽፍ ማድረግ ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር መስጠት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ጥያቄዎን ያጥብቡ። “ሽያጫችንን እንዴት እናሳድግ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው “ማስታወቂያ ማብዛት፣ ጥራት መጨመር፣ ዋጋ ማስተካከል” የሚል መልስ ያገኛል፤ ይህን መልስ ያለ ስብሰባም ያውቁታል። ጥያቄው አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ችግር ይኑረው። ለምሳሌ፦ “ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ለዘመዱ የእኛን ማር ሳይሰጋ ይዞ እንዲሄድ ምን እናድርግ?” የዚህን አገር ሰው ካሰቡት ጥያቄው ሕይወት አለው። ማር የያዘ መንገደኛ ክዳኑን በፌስታል ይጠቀልላል፣ በፌስታሉ ላይ ሌላ ፌስታል ይደርባል፣ ረዳቱ ዕቃውን ሲገለብጠው ይጮኻል፣ በመጨረሻ እግሩ ሥር አድርጎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ጉልበቱን አጥፎ ይጓዛል።

ይህን ቢሮ ቁጭ ብሎ ከማሰብ መናኸሪያ ሄዶ ማየት ይሻላል። ለሠራተኞችዎ ጥያቄውን ሰኞ ሰጥተው “እስከ ሐሙስ ቢያንስ አንድ ጠዋት መናኸሪያ ግማሽ ሰዓት ቁሙ፤ ሰው ምን በምን እንደሚያስር ተመልከቱ” ይበሏቸው። አጋሮ ያለችው ልጅም የራሷ መናኸሪያ አላት። አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ማሩ ሲወርድ ምን መስሎ እንደሚደርስ ሊያዩ ይችላሉ፤ በርቀት መሆናቸው እዚህ ላይ ዓይን ይጨምርልዎታል። ያየ ሰው ሐሳብ አያጣም፤ ያላየ ሰው ግን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሰማውን ነው የሚደግመው።

ከዚያ ጽሑፉ። በርንት ሮርባክ የተባለ ጀርመናዊ በ1968 ያወጣው 6-3-5 የሚባል ዘዴ አለ። ስድስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በወረቀቱ ላይ በአምስት ደቂቃ ሦስት ሐሳብ ይጽፋል፤ ከዚያ ወረቀቱን በቀኙ ላለው ያሳልፋል። ተቀባዩ የተጻፈውን አንብቦ ሌላ ሦስት ይጨምራል። ወረቀቱ ዞሮ ሲያበቃ በግማሽ ሰዓት 108 ሐሳብ ይኖራል። ቁጥሩ አያስደንቅዎት፤ ግማሹ ድግግሞሽ ነው፣ ከቀሪውም የሚበዛው ገለባ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሦስት ፍሬ ነው።

ጅማ ያላችሁት ስድስት ናችሁ፤ እርስዎ ሲወጡ አምስት ቢቀሩም ለዚህ ዘዴ ይበቃሉ፤ እኔ ግን አምስቱን ደቂቃ ለእኛ ሰው ሰባት አደርገዋለሁ፣ ዙሩንም ከስድስት ወደ አራት እቀንሰዋለሁ። ከአራተኛው ዙር በኋላ ሰው እጁ ይዝላል፣ ወረቀቱም ይጣበባል። ሕጌ ጥቂት ነው። በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉ፤ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ቅልቅሉም ይሁን፤ ያልገባው ሰው ጎረቤቱን በሹክሹክታ ይጠይቅ። ስም አይጻፍ። በትንሽ ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሁሉን የእጅ ጽሑፍ ስለሚያውቅ፣ ሲጨረስ አንድ ሰው ሁሉንም በራሱ ድምፅ ያንብብ። እርስዎ ግን እባክዎ ከወረቀቱ ዙር ይውጡ፤ ሻይ ያቅርቡ፣ ሰዓት ይያዙ። ሐሳብ ካለዎት ሁሉም ከተነበበ በኋላ ከመጨረሻው ሥር ይጨምሩት።

መጻፍ ያልለመደ ሰው ካለ አይለፉት። ማሩን በእጇ የምታሽገው ሴት ክዳኑ የት ላይ እንደሚላላ ከሁላችሁም በላይ ታውቃለች። ከስብሰባው አስቀድሞ የምትቀርባት ባልደረባዋ ጠይቃት ሐሳቧን ትጻፍላት፣ ወይም በቴሌግራም ድምፅ ቀድታ ትላክ። ማሽን ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ የሚውሉትን “ሐሳብ ለማፍለቅ” ብሎ የጠራ ድርጅት እምብዛም አላየሁም፤ ይህ ትልቅ ኪሳራ ይመስለኛል።

ወረቀቱ ሲዞር ምን ይሆናል? የማሩን ጥያቄ ይዘን እንይ። አንዱ “ክዳኑን በሰም እናሽገው” ብሎ ይጽፋል። ቀጣዩ “ማሩን ስናጣራ የሚተርፈውን የራሳችንን ሰም እንጠቀም፣ የድርጅቱን ማኅተም እናትምበት” ይላል። ሦስተኛዋ “ማኅተሙ ካልተሰበረ ተቀባዩ ማሩ በመንገድ እንዳልተከፈተና ስኳር እንዳልገባበት ያውቃል” ትላለች። ያየነው ነገር ከማፍሰስ ጀምሮ እምነት ላይ ደረሰ፤ ሰሙ ወርቁን ይዞ መጣ ማለት ነው። ሦስቱ ሰዎች ቢያወሩ ኖሮ ምናልባት የመጀመሪያው “ሰም ይቀልጣል” ተብሎ እዚያው ይቀበር ነበር። ሌላው ወረቀት ላይ ደግሞ “ማሩን በርጩማ ውስጥ ደብቀን እንላከው” የሚል ቀልድ ይኖራል። ይሳቅ። ግን አይሰረዝ። ጅማ እንጨት የሚፈለፍል ባለሙያ የሞላባት ከተማ ናት፤ ክዳን ያላት ትንሽ የእንጨት ማኖሪያ ለሠርግ ስጦታ ብትሸጥ ማን ያውቃል።

አንድ ስሕተት ደግሞ አለ፦ ቶሎ ማቆም። ሰው ሐሳቡ የነጠፈበት ሲመስለው “በቃ አለቀ” ይላል። ብራያን ሉካስ እና ሎራን ኖርድግረን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ሥራ፣ ሰዎች እየቆዩ ሲሄዱ ፈጠራቸው የሚወርድ እንደሚመስላቸው፣ ሲለካ ግን ባለበት እንደሚቆይ ወይም እንደሚሻሻል አሳይተዋል። እኔም በልምዴ መጀመሪያ የሚወጡት ሐሳቦች የሁሉም ሰው ሐሳቦች ናቸው። ዝምታው ሲመጣ ሰዓቱን አይመልከቱ፤ ሁለት ደቂቃ ይታገሱ። ቡና የሚፈላ ከሆነም ከጽሑፉ በኋላ ይሁን። አንዳንድ አሠልጣኞች የመጀመሪያውን ዙር አቦል፣ ሁለተኛውን ቶና፣ ሦስተኛውን በረካ እያሉ ይከፍሉታል። ያምራል። ግን ቡና ሲቀርብ ጨዋታው ይነሳል፣ ጨዋታ ሲነሳ ብዕር ይቀመጣል። ጅማ ላይ ቡናን አሸንፎ የሚጽፍ ሰው ገና አላገኘሁም።

“አትንቀፉ” ስለሚለው ሕግ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ቻርላን ኔሜትና ባልደረቦቿ በ2004 ባወጡት ጥናት አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ “ተከራከሩ፣ ተነቃቀፉም” የተባሉ ቡድኖች “አትንቀፉ” ከተባሉት የበዛ ሐሳብ አመጡ። ታዲያ እኛም እንከራከር? እኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ጽሑፉ እስኪያልቅ ማንም ምንም አይበል። ሲነበብ ግን ጥያቄ ይፈቀድ፦ “ይኼ ሙቀት ላይ እንዴት ይሆናል?” ይባል። “ይኼ አይሆንም” የሚለው ግን እኛ ዘንድ ሰውየውን እንደመንካት ይሰማል፤ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ያስከለክላል። ክርክር ባህላችን ያውቃል፤ የሽምግልና ወንበር ላይ ያለው ሥርዓት የሚያምረው ተራና ወግ ስላለው ነው። በቢሮ ውስጥም ያንን ወግ ማበጀት ይቻላል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ወደ ዙም ልምጣ፤ እርስዎን በጣም ያናደደዎት ይኼ ይመስለኛል።

ሜላኒ ብሩክስ እና ጆናታን ሌቫቭ በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት አለ። 602 ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው፣ ግማሾቹን በአካል ግማሾቹን በቪዲዮ አገናኙ። አንድ ተራ ዕቃ (ለምሳሌ ፍሪዝቢ የሚባለውን የሚወረወር መጫወቻ) ሰጥተው በአምስት ደቂቃ ሌላ ምን ሊሠራበት እንደሚችል እንዲያስቡ ጠየቁ። በቪዲዮ የተገናኙት ያነሰ ሐሳብ አመጡ። ሕንድ፣ ፊንላንድና ፖርቱጋል ጭምር ባሉበት በአምስት አገሮች በሚሠራ አንድ ኩባንያ ውስጥ ከመሐንዲሶች ጋር ሲሞከርም እንዲሁ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ዓይን ላይ አገኙት፦ በስክሪን የሚያወራ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ግድግዳውንም መስኮቱንም ያያል። ዓይን ሲጠብ ሐሳብም ይጠባል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው፤ ከመጡት ሐሳቦች የተሻለውን በመምረጥ ረገድ በቪዲዮ የተገናኙት ከሌሎቹ አላነሱም።

ስለዚህ ሐሳቡ ከዙም ውጭ ይፈልቅ፣ ዙም ላይ ይመረጥ። እርስዎ እስካሁን የሚያደርጉት የተገላቢጦሹን ነው።

እንዲህ ያድርጉት። ሰኞ ጥያቄውን በቴሌግራም ግሩፕ ይላኩ። መልሱ ግን ወደ ግሩፑ አይምጣ፤ ግሩፕ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ እንደ አለቃ ንግግር ነው፣ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይሳባል፣ ወይም በአውራ ጣት ምልክት ይገላገላል። ሁሉም ለአንድ ሰው በግል ይላክ። ያ ሰው እርስዎ ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ ሁሉም የሚያምነው፣ ወሬ የማያወጣ አንድ ሠራተኛ ይሁን። በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በእጅ ተስሎ ፎቶ ተነሥቶም ይምጣ። ሐሙስ ማታ ያ ሰው ሁሉንም ያለ ስም፣ ያለ ቅደም ተከተል አንድ ላይ አድርጎ ለሁሉም ይላክ። እስከ ቅዳሜ እያንዳንዱ ሰው በሌሎች ሐሳብ ላይ ሁለት ሁለት ይጨምር። ወረቀቱ መዞሩ አልቀረም፣ መንገዱ ረዘመ እንጂ። ሰኞ በዙም ተገናኝታችሁ ምረጡ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ይቋረጥ፣ ለመምረጥ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሌላው ጥቅሙ መብራትና ኔትወርክ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ሦስት ከተማ ሆነው፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም መብራትና ጥሩ ኔትወርክ እንዲኖራቸው መመኘት ስለት የሚያስገባ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ በሚመቸው ሰዓት መላክ ግን ለሁሉም ይቻላል። ስለ ሰዓት ካነሳን፦ የዙም ሊንክ ሲልኩ “3 ሰዓት” ብቻ አይበሉ፣ “ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ስልካችሁ ላይ 9:00” ይበሉ። በዚህ ብቻ ስንት ስብሰባ ሲፈርስ አይቻለሁ።

ከሁሉ የከፋው የተደባለቀው ነው፦ ስድስታችሁ ጅማ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስባችሁ፣ ሦስቱ በስክሪን። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ይቀልዳሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ቡና ይቀዳሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት “ምን አላችሁ? አልሰማንም” ሲሉ ይውላሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማይካቸውን ዘግተው ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ወይ ሁሉም በየስልኩ ይግባ፣ ጅማ ያሉትም ጭምር በየጠረጴዛቸው ሆነው፤ ወይ ስብሰባውን በአካል ሁሉም ሲገኝ ያድርጉት። ካሜራ ማስገደድን አልደግፍም። ዳታም ይበላል፣ ቤቱን ማሳየት የማይፈልግም አለ። ሲጽፍ ከተሳተፈ ፊቱን ማየትዎ ምን ይጨምራል?

ሲመረጥ በቴሌግራም ስም የማያሳይ የድምፅ መስጫ መክፈት ይቻላል። ከዚያ በፊት መስፈርቱን ይናገሩ፤ ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ፣ በያዝነው ገንዘብ፣ በሃያ ማሰሮ ማር ልንሞክረው የምንችለው የትኛው ነው? መስፈርት የሌለው ምርጫ የወዳጅነት ምርጫ ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡ፤ ከዚያ በላይ አይሠራም።

ቅድም ያልኩት አራተኛ ምክንያት እዚህ ላይ ይመጣል። ሐሳቡን ያመጣውና ሥራውን የሚይዘው ሰው የግድ አንድ አይሁኑ። ሠሪውን ለይተው ይሰይሙ፣ ከሌላ ሥራው የትኛው እንደሚነሳለትም ይናገሩ። ሐሳብ አመንጪው ከፈለገ ያግዝ። ያልተመረጡትንም ዝም ብለው አይጣሏቸው፤ “ይህኛው ገንዘብ ስለሚፈልግ ከመስከረም በኋላ እናየዋለን፣ ያኛው ለአሁኑ አልተመረጠም” ብለው ሁለት መስመር ይጻፉ። ሐሳቡ የት እንደደረሰ ያልተነገረው ሰው በሚቀጥለው ወር “እንደተባለው ነው” ይልዎታል። ሌላም አለ፦ ሐሳቡ ሲሳካ ባለቤቱን በስሙ ያመስግኑ። አንዲት የማውቃት ልጅ ያመጣችው ሐሳብ በዓመቱ ሪፖርት ላይ “ማኔጅመንቱ ባደረገው ጥረት” ተብሎ ሲነበብ አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ አንድም ሐሳብ አልሰጠችም።

ሁሉም ነገር ግን ለዚህ አይሆንም። አስቀድመው የወሰኑትን ነገር ለማስጸደቅ ሐሳብ ስጡ አይበሉ፤ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ዕውቀት የሚጠይቀውንም እንዲሁ። “ማሩ ለምን ይረጋል?” የሚለው የቡድን ጥያቄ አይደለም፤ ማር በውስጡ ባለው ግሉኮስ ምክንያት ይረጋል፣ መርጋቱም የመበረዝ ምልክት አይደለም። ይህን የመሰለውን እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ግብርና ሲያስተምር ለኖረው ለጅማው ግብርና ኮሌጅ ሰዎች ይጠይቁ፤ ስለ ቡናው ደግሞ መልኮ የምርምር ማዕከል ቅርብዎ ነው። “የረጋ ማር የተበረዘ ለሚመስለው ደንበኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ብለን እናስረዳው?” የሚለው ግን ለዘጠኛችሁ የሚሆን ምርጥ ጥያቄ ነው።

የፊታችን ሰኞ የሚልኩት መልእክት እንዲህ ቢሆን እላለሁ፤ እንደሚመችዎ ያስተካክሉት፦

“ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ወር ስብሰባ ቀርቷል። በምትኩ አንድ ጥያቄ አለ፦ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ማራችንን ሳይሰጋ እንዲይዝ ምን እናድርግ? መልስ ከመላካችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት መናኸሪያ ቆማችሁ እዩ፤ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ድረስ እያንዳንዳችን ሦስት ሐሳብ፣ በፈለግነው ቋንቋ፣ በጽሑፍ ወይም በድምፅ፣ ለመጋዘን ኃላፊዋ በግል እንልካለን። እዚህ ግሩፕ ላይ አትመልሱ። አንዱ ሐሳብ የሚያስቅ ይሁን። ሐሳብ የሰጠ ሰው ሥራው አይጫንበትም።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳያወጧት። ሐሙስ ማታ ዝርዝሩ ሲደርስዎ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ምንም አይጻፉ፤ አውራ ጣትም ቢሆን።